አዳዳ አንበሳውን ልታይ የሄደችበት ክረምት

ባለፈው ዓመት መቱ ሄጄ የእናቴን የልብስ ሳጥን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ ፊቴን መታው። ክዳኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ሆንሽ ቢፍቱ?» አለችኝ እናቴ ከኋላዬ። ምንም አልሆንኩም። ለአፍታ ያህል ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ፣ ውጭ ዝናቡ እየወረደ፣ አራት ጣቶቼን በሞተ ሰው ጋቢ ቅዳጅ ውስጥ ከትቼ ነበር።

ያ ክረምት፣ አዲስ አበባ ሄደን ለአንድ ቀን አንበሳ ለማየት ሁለት ወር ሙሉ የተዘጋጀንበት ክረምት ነው።

ቤታችን ውስጥ አራት ነበርን። አባቴ ገለታ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከፋይል ጋር ስለኖረ ይመስለኛል፣ ማንኛውንም ነገር ቦታ ቦታውን አስይዞ መዝጋት ይችልበት ነበር። እናቴ የጉራጌ ልጅ ናት፤ ገበያው ዳር ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። አራተኛዋ አዳዳ አያንቱ ናት። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። የአባቴ ታላቅ ናት፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ነበረች።

አዳዳ ሁልጊዜ ጥቁር ትለብሳለች። እኔ ከመወለዴ በፊት ባሏ ጋሼ ኦላና በሁሩሙ በኩል ካለው ጫካ ቀፎ ሊያወርድ ገብቶ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን አባቴ ብቻውን ቀድሞ ገብቶ ደም የነካው የተቀደደ ጋቢ ይዞ ወጣ። አንበሳ በላው ተባለ። በዚያ ጫካ አንበሳ ከታየ ብዙ ዘመን ሆኗል ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ አሉ፤ ጋቢውን ሲያዩ ግን ዝም አሉ። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ተለቀሰ። ይኸው ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት፣ አዳዳ በመስኮታችን በኩል የሚታየውን ጫካ ሳትመለከት ኖረች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መስኮቱን ትዘጋና እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ ትንሽ ትቆያለች፤ ከውጭ የሚገፋ እንዳለ ዓይነት።

ጎህ ሲቀድ ከጫካው ወፍራም፣ የሚንከባለል ድምፅ ይመጣል። «ጉሬዛ ነው፤ ተኚ» ትለኛለች አዳዳ። እኔ ግን አላምናትም ነበር። ጉሬዛን አይቼዋለሁ፤ ነጭ ካባ የለበሰ የሚያምር ዝንጀሮ ነገር ነው። ያን የመሰለ ድምፅ ከዚያ ከሚያምር አፍ ይወጣል ብዬ እንዴት ላስብ? አዳዳ እንዳልፈራ የምታታልለኝ ይመስለኝ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ ላይ ዓይኗ ባሰባት። «የዓይን ሞራ ነው» አለ አባቴ። ሞራ ሲባል እኔ የማውቀው ሥጋ ቤት የሚንጠለጠለውን የበሬ ሞራ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሳምንታት ፊት ለፊቷ ስቀመጥ ያ ነጭ ስብ ከውስጥ ቀስ እያለ ዓይኗ ላይ ሲያድግ ይታየኝ ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ እንድትታከም ለጳጉሜ ቀጠሮ ተያዘላት።

አዳዳ ያን ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ገለታ፣ አዲስ አበባ አንበሳ አለ አይደል? በአጥር ውስጥ?»

«አለ» አለ አባቴ።

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱን አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ቢድን ባይድን ግድ የለኝም። ያን የመሰለ ፊት ሳላይ ግን አልታወርም።»

አባቴ ሲጋራ አያጨስም፤ ክብሪት ግን ኪሱ ውስጥ ይይዝ ነበር። አንዱን አወጣና ሳይጭረው ሰበረው። እናቴ ግን ደስ አላት። «ታዲያ ምን አለበት! እሑድ ሁላችንም እንሄዳለን። ልጅቷም ታያለች፣ ምሳችንን ይዘን እዚያው እንውላለን። ከተጋባን አንድ ቀን ሽርሽር ወጥተን እናውቃለን?»

እንዲህ ሆኖ ዝግጅቱ ተጀመረ። የዝርዝሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት የምንማረው በቁቤ ስለሆነ በኦሮምኛ፣ በቁቤ እጽፋለሁ፤ እናቴ ደግሞ ፊደል እንጂ ቁቤ ስለማታነብ በየማታው ሳመጣላት ጮክ ብዬ በአማርኛ አነብላታለሁ። ዳቦ። የተቀቀለ እንቁላል። ቆሎ። የአዳዳ የሐኪም ወረቀት። ጃንጥላ። ምሳ በልቶ ፎቶ መነሣት። በየቀኑ አንድ ነገር ይጨመራል። አባቴ ግን በየቀኑ አንድ እንቅፋት ይዞ ይመጣል፦ ፈቃድ አልሰጡኝም፣ መንገዱ ተንዷል አሉ፣ ግቢው በክረምት ይዘጋል አሉ። «ማን አለ?» ትለዋለች እናቴ። «ሰዎች» ይላል።

አንድ ከሰዓት አዳዳ ጠራችኝ። «እስቲ አንቺ ተማሪ፣ አንበሳ ስንት ዓመት ይኖራል?» አላውቅም ነበር። ጎረቤታችን አስተማሪ ስለሆኑ ሮጬ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ሰው ከጠበቀው ሃያ ሊጠጋ ይችላል» አሉኝ። ተመልሼ ስነግራት ጣቶቿን ጭኗ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋች፤ አሥሩ ሲያልቁባት አንዷን ደግማ አሥራ አንድ ላይ አቆመች።

«እንግዲህ በሕይወት አለ» አለች።

ከዚያ ሳጥኗን ከፈተች። ናፍታሊኑ ሸተተ። ጋቢውን አወጣችና አንሶላው ላይ ዘረጋችው። ደሙ የሻይ ቀለም ይዟል። መሐሉ ላይ ጎን ለጎን አራት ቅዳጆች አሉ። «እጅሽን ስጪኝ» አለችና አራት ጣቶቼን አራቱ ቅዳጆች ውስጥ አስገባቻቸው። «ጥፍሩ በዚህ ገባ። አየሽ፣ እንደ እጅ ነው» አለች። የቅዳጆቹ ጠርዝ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ ነበር፤ እናቴ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስትቆርጥ እንደሚሆነው። የአንበሳ ጥፍር ምን ያህል ስለት እንዳለው ሳስብ ጣቶቼን ቶሎ መንጭቄ አወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ በአእምሮዬ አንድ ሆነ። አዲስ አበባ ያለው አንበሳ ያው ከእኛ ጫካ ተይዞ የተወሰደው ነው። ጋሼ ኦላናም ሆዱ ውስጥ ነው። አዳዳ የምትሄደው ልትጠይቀው ነው፤ ለቅሶ ቤት እንደሚኬድ።

ነሐሴ ሲገባ እናቴ ለገበያ ቀን ጨርቅ ይዛ በጋምቤላ መንገድ ላይ ወዳለችው ቡሬ ስትሄድ እኔንም አስከተለችኝ። ጎሬን አልፈን ጭጋግ ውስጥ ገባን፤ ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ በእርምጃ ይሄድ ነበር። ገበያው ላይ እናቴ ላስቲክ ወጥራ ጨርቆቿን ዘረጋች። ጭጋጉ አልተገለጠም። ሰው ከነጩ ውስጥ ይወጣል፣ ይገዛል፣ ተመልሶ ነጩ ውስጥ ይገባል።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ለአንዲት ሴት ስትለካ፣ አንድ ረጅም ሰው ማር የያዘ ቅርጫት ይዞ ፊቴ ቆመ። ፊቱን አውቀዋለሁ። ከየት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ በየቀኑ ነበር የማየው፣ አዳዳ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ ባለው የጋሼ ኦላና ፎቶ። ሸምግሏል እንጂ እሱ ነው። ቅርጫቱን የያዘበትን እጁን አየሁ። ፎቶው ላይ እንዳለው የቀኝ አውራ ጣቱ ግማሽ የለም።

«ኢንታላ ኤኙቲ?» አለኝ። የማን ልጅ ነሽ ማለቱ ነው። ድምፁ የተለመደ የሰው ድምፅ ነበር፤ የባሰ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«የገለታ።»

«የመቱው ገለታ?» ዝቅ ብሎ አየኝ። «አያንቱ... አክስትሽ ደህና ናት?»

«ዓይኗ ሊጠፋ ነው። ከመጥፋቱ በፊት አንበሳውን ልናሳያት ነው።»

«የትኛውን አንበሳ?»

«እርስዎን የበላዎትን» አልኩት።

የሞተ ሰው ጥላ የለውም ሲባል ሰምቻለሁ። መሬቱን አየሁ። ጥላ አልነበረውም። ግን ሰማዩ ሁሉ ጭጋግ ስለሆነ የማንም ጥላ አይታይም ነበር፤ የእናቴም፣ የእኔም።

«አንበሳ በላው አሉ?» አለ ሰውየው። «አንበሳ?» ሁለት ጊዜ ደገመው። ከቅርጫቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ እሸት ማር አወጣና እጄ ላይ አኖረው። «ብይ» አለኝና ወደ ነጩ ተመልሶ ገባ። እናቴ ስትዞር ማንም አልነበረም። ማሩን አልበላሁትም። የሞተ ሰው የሰጠውን የበላ አብሮት ይሄዳል ብዬ ላስቲኩ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ ቀበርኩት።

ለእናቴ አልነገርኳትም። አመሻሹ ላይ አባቴ ከሥራ ሲመጣ በረንዳው ላይ ጠበቅሁትና ሁሉንም ነገርኩት። አባቴ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን እንዳወለቀ ቀረ።

«ለአዳዳሽ ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም።»

ትከሻዬን ያዘኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። «የሞተ ሰው አይታይም። ሰው ተመሳስሎብሽ ነው። ግን እንዳትነግሪያት። ብትነግሪያት ትሞታለች፤ ሰምተሻል?»

ሰማሁ። እንደ ነገረኝም አመንኩ። አንድ ቃል ከአፌ ከወጣ አዳዳ እዚያው ባለችበት ወድቃ ትሞታለች። ከዚያ ወዲያ አብሬያት ስቀመጥ ከንፈሬን ጥርሴ ውስጥ ከትቼ ነበር። እሷ በደከመው ዓይኗ ወደ እኔ ታይና «አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው የምትርቂኝ?» ትለኛለች። እኔ ለነፍሷ ብዬ ዝም።

አባቴ በዚያው ሳምንት ጉዞው እንዲቀር ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረ። እናቴ ግን ራሷ መናኸሪያ ሄዳ ቲኬቱን ቆርጣ መጣች። በጳጉሜ መጀመሪያ፣ ገና ሲነጋጋ፣ አውቶቡስ ላይ ነበርን። አባቴ ጅማ እስክንደርስ ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም።

እሑድ ጠዋት አንበሶቹ ያሉበት ግቢ ገባን። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ፎቶ አንሺዎች ይጣራሉ። ከዚያ ሁሉ ግርግር በላይ ግን ሽታው ነበር፤ ዝናብ የመታው ጥሬ ሥጋና የድመት ሽንት የመሰለ፣ ልብስ ውስጥ የሚገባ ሽታ። አንበሳው ጥቁር ጎፈሩን ስሚንቶው ላይ አስተኝቶ ተጋድሟል። ሆዱን አየሁ። ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ባዶ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ ጋሼ ኦላና ወጥቷል፤ ቡሬ ነው፣ ማር ይሸጣል።

አዳዳ እጄን ይዛ እስከ መከለያው ብረት ድረስ ቀረበች። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር ጋቢውን አወጣች። ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

«እቴቴ!» አለ አባቴ። «ይሄን ደግሞ ለምን አመጣሽው?»

«ይወቀው ብዬ ነዋ።»

ጋቢውን በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ አንበሳው ያዘችው። በኦሮምኛ፣ ጎረቤት በሚጠራበት ድምፅ፣ «አንተ ነህ?» አለችው። «ና እስቲ፣ ዓይኔ ደካማ ነው፤ ቀረብ በል።» አንበሳው ተነሣ። እየተንጎማለለ መጥቶ ፍርግርጉ ጋ ቆመና አያት። አዳዳም አየችው። ለረጅም ጊዜ፣ ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ፣ ተያዩ።

ካኪ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ጠባቂ መጡ። «እማማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ። ምንድን ነው የያዙት?»

«ባለቤቴ የተበላበት ልብስ ነው» አለች አዳዳ። «አንበሳ ነው የበላው።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። ጋቢውን በአክብሮት ተቀበሉና ቅዳጆቹን በጣታቸው ዳሰሱ። አንዴ ዳሰሱ፣ ደገሙ። ከዚያ የካፖርታቸውን እጅጌ ዘረጉላት፤ ክርኑ አካባቢ ተዘልዝሎ፣ ክሩ ተጎትቶ ወጥቶ ተድበልብሏል። «ይህን የቀደደብኝ አንድ ደቦል ነው፤ ለጨዋታ። ይዳስሱት። የአንበሳ ጥፍር ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም፣ እማማ። የእርስዎ... ይሄ የመቀስ ነው።»

አዳዳ እጅጌውን ዳሰሰች። ጋቢውን ዳሰሰች። እንደገና እጅጌውን። ከዚያ ፊቷን ወደ አባቴ አዞረች።

«ገለታ፣ ታዲያ ኦላና የት አለ?»

አባቴ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ሰበረ።

«የት አለ?»

የአዳዳ ትንፋሽ ተቆራረጠ፤ እኔ ብናገርም ባልናገርም እዚያው የምትሞት መሰለኝ።

«ቡሬ» አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩና ስትወድቅ የሚሰማውን ድምፅ ጠበቅሁ።

አልወደቀችም። ዓይኔን ስገልጥ ከነበረችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ አባቴ ነበር ብረቱን ይዞ ቁጭ ያለው። እዚያው ሆኖ፣ ወደ መሬት እያየ ተናገረ። ጋሼ ኦላና በዚያን ጊዜ ቢሮው ድረስ መጥቶ፣ ጋምቤላ ሌላ ሴት እንዳለችው፣ ልጅ እንደወለደችለት፣ እንደማይመለስ ነግሮት ሄደ። ንገርልኝ አለው። አባቴ መንገር አቃተው። «መካን ናት ብሎ ትቷት ሄደ ሲሉሽ ከምሰማ፣ ባሏ የሞተባት ይበሉሽ ብዬ ነው» አለ። ኦላና ጥሎት የሄደውን ጋቢ በመቀስ ቆረጠው። ደሙ የዶሮ ነው። ኦላና ቡሬ መምጣቱን አባቴ የሰማው ያ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ፋሲካ አካባቢ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች እናቴ። እሷም አታውቅም ነበር። የምሳውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠችው።

አዳዳ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ጋቢውን ከሽማግሌው ተቀብላ በአራት አጠፈችው። «ዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ምን አለ?» አለችኝ።

ወረቀቱን አወጣሁ። «ምሳ። ከዚያ ፎቶ።»

«እንግዲያው እንብላ።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እንቁላሉን የላጠች አዳዳ ናት፤ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሰጠችን፣ ለአባቴም ጭምር። አባቴ ይዞት ቀረ። አንበሳው ከአጥሩ ማዶ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ወንበሩ ሥር ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ ፎቶ ተነሣን። ፎቶ አንሺው «ሳቅ በሉ እንጂ!» ይለን ነበር። ፎቶው ዛሬም እናቴ ጋ አለ። የሳቀ የለም፤ ከኋላችን ያለው አንበሳ ብቻ አፉን ከፍቶ እያዛጋ ነው።

በማግስቱ አዳዳ ራሷ ቀድማን ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ፋሻው ሲፈታ አጠገቧ የነበርነው እናቴና እኔ ነን፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «አድገሻል» አለችኝ። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ጥቁር ነበር።

መቱ በተመለስን በሳምንቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በጠዋት ሚኒባስ ቡሬ ሄደች። አብሬሽ ልሂድ ብትላት እናቴ፣ እምቢ አለች። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች።

«አገኘሽው?» አለቻት እናቴ።

«አገኘሁት። ሸምግሏል። ይቅርታ ለመነኝ፣ አደረግሁለት» አለች አዳዳ ጫማዋን እያራገፈች። «እሱስ ሂያጅ ነው። ሂያጅ ይሄዳል። አጠገቤ ተቀምጦ ለቅሶዬን ያየው እሱ አይደለም።»

አመሻሹ ላይ አባቴ ከሥራ ገባ። አዳዳ ተቀምጣበት ከነበረው በርጩማ ብድግ አለች፤ ለእንግዳ እንደሚነሣው።

«ይግቡ አቶ ገለታ» አለችው። «ደህና ዋሉ? ይቀመጡ።»

አባቴ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ቃጣው። አዳዳ ግን እንደቆመች ናት። እጁን ልታስታጥበው ውሃ ይዛ መጣች፤ በአክብሮት ጎንበስ ብላ አፈሰሰችለት። «ይብሉ» አለችው። «ይጨመርልዎት?» አለችው። አባቴ ሳህኑን ገፋና ጉልበቷ ላይ ወደቀ፤ ሽበት ያበቀለ ሰው፣ እኔና እናቴ ፊት።

«እቴቴ፣ ስደቢኝ። ምቺኝ። አንተ ብቻ በይኝ።»

«ኧረ ነውር ነው!» አለች አዳዳ፣ በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ እያነሣችው። «እርስዎን? እኔ እኮ አላውቅዎትም፤ የማያውቁትን ሰው አንተ አይሉም።»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት አብራን ኖረች። መስኮቱን ከፍታ ጫካውን እያየች ትፈትል ነበር፤ ከእኔ ጋር ትስቃለች፣ ከእናቴ ጋር ትጣላለች፣ ትታረቃለች። አባቴ ሲገባ ግን ትነሣለች። በዓል ሲሆን መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሱ ነው፤ ሲታመም ራስጌው ቁጭ ብላ «እንዴት አደሩ?» ትለዋለች። በኦሮምኛም በአክብሮት «ኢሲን» እንጂ በቅርበት «አቲ» ብላው አታውቅም። በዚያ ቤት ውስጥ እንደ አባቴ የተከበረ ሰው አልነበረም።